በሩ ሲንኳኳ ጓዳ የገባችው ልጄ

ዛሬ ከሰዓት በራችን ሲንኳኳ ልጄ ምህረት ማንም ሳያዛት ክራንቿን አንስታ ጓዳ ገባች።

ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው። እግሯ ከልጅነቷ ጀምሮ አይታዘዝላትም። እንግዳ በመጣ ቁጥር ጓዳ ግቢ የምላት እኔ ነበርኩ። እናቷ በሕይወት ሳለች በዚህ ስትጣላኝ ኖረች፤ አልሰማኋትም።

ዘንድሮ የቸርች ሰዎች ደጋው ቡሌ ላይ ለአካል ጉዳተኞች የክረምት ካምፕ አዘጋጅተው ዐሥር ቀን ወሰዷት። ብርዱ ይገድላታል ብዬ ተከራክሬ ነበር። ባለፈው ሳምንት እየዘመረች ከመኪና ወረደች።

በሩን ስከፍት ካምፕ አብረዋት የከረሙ ሦስት ሰዎች ቆመዋል። ከፊት ያለው ታሪኩ የሚባል ዓይነ ስውር ነው።

«ጋሼ፣ ምህረት አለች?»

«የለችም» አልኩ። አፌ ለምዶ ነው።

«ኧረ ጋሼ! ዓይን ባይኖረኝ ጆሮ አለኝ። ክራንቿን አሁን ሰማሁት እኮ!» ብሎ ሳቀ።

አፈርኩ። ጓዳ ሄጄ «ነይ ውጪ» አልኳት።

«አባዬ፣ እንግዳ አለ እኮ» አለችኝ።

ለመንኳት። እኔ ሰው ለምኜ አላውቅም። እምቢ አለች።

በመጨረሻ እነሱ ገቡላት። በዚያች ጠባብ ጓዳ ከቆጮው ጋር ተጣብበው ተቀመጡ። ሳቋን ከግድግዳው ወዲያ ሰማሁት። እኔ ሳሎን ብቻዬን ቀረሁ፤ ና ግባ ያለኝ የለም።

ትምህርቴ ሦስተኛ ክፍል ነው፤ የፊደል ስህተት ያገኘ ለራሱ ይያዘው። ይልቅ እናንተ ቤት በር ሲንኳኳ ጓዳ የሚገባው ማነው? ካላፈራችሁ እዚሁ ጻፉልኝ። እኔ ጽፌያለሁ።