አንድ እጅና ሁለት እግር

ደብረ ታቦር ከመጣሁ ወዲህ ካልሲ ደርቤ መተኛት ለመድሁ። ያደግሁት ድሬዳዋ ነው፤ እዚያ እግር ዓመቱን ሙሉ በነጠላ ጫማ ይውላል፣ አየር ያገኛል። እዚህ ከጉና የሚወርደው ነፋስ አጥንት ስለሚሰብር፣ ጠዋት በሁለት ካልሲ ላይ ሽፍን ጫማ አድርጌ እወጣለሁ፤ ክረምት ሲሆን ደግሞ እርጥቡን ጫማ ሳላደርቅ በማግሥቱ መልሼ እገባበታለሁ። የመሥሪያ ቤቴ ሰዎች «የበረሃ ልጅ» እያሉ ይስቁብኛል። እኔም አብሬ እስቃለሁ።

በቀኝ እጄ ጥፍር ግን የሳቀ አልነበረም። መጀመሪያ የሌባ ጣቴ ጥፍር ጫፉ ላይ ነጣ። መዝገብ ቤት ስለምሠራ የፋይል አቧራ መሰለኝ። ቀስ ብሎ ቢጫ ሆነ፣ ወፈረ፣ ከሥጋው ተላቀቀ፤ ከሥሩም እንደ ደረቀ አይብ የሚፈረፈር ነገር ይወጣው ጀመር። ቀጥሎ የመሐል ጣቴ፣ ከዚያም አውራ ጣቴ። ወረቀት ስቀበል እጄን ማጠፍ ለመድሁ።

ነሐሴ ላይ የሠራሁት ሥራ የራሴ ጥፋት ነው፤ አልክደውም። ሴቶቹ ሁሉ እንሶስላ ሲሞቁ እኔም ሞቅሁ። ለጌጥ አልነበረም፤ ለመደበቅ ነው። ጥፍሬ ሁሉ ቡናማ ሲሆን የታመመው ከጤነኛው አይለይም ብዬ። በሳምንቱ ጤና ጣቢያ ሄድሁ። ባለሙያው ከጠረጴዛው ማዶ ሆኖ እጄን አየት አደረገና ሳቀ።

«እንሶስላ ነው እኮ! ይለቃል፣ አይዞሽ።»

«ከሥሩ ግን ይፈረፈራል።»

«ካልሲየም አንሶሽ ነው» አለና ክኒን ጻፈልኝ።

ቀለሙን የቀባሁት እኔ ነኝ፤ ግን እጄን ይዞ፣ ወደ መስኮቱ አዙሮ ቢያየው ምን ነበረበት? የበግ ነጋዴ እንኳ በጉን ጥርሱን ገልጦ ነው የሚገዛው። ከወር በኋላ ቀለሙ ሲለቅ ተመልሼ ሄድሁ። የዚያን ቀን የነበረችው ደግሞ ገና ተናግሬ ሳልጨርስ ቅባት አዘዘችልኝ። ቅባት በወፈረ ጥፍር ላይ ማለት ዝናብ በቆርቆሮ ላይ ማለት ነው። ማታ ማታ ስቀባ፣ ጠዋት ሳብስ ከረምሁ።

በዚህ መሐል የማኅበር ተራዬ ቀረበ። የምናከብረው ኪዳነ ምሕረትን ነው፤ አሥራ ሁለት ሴቶች ነን። በየወሩ አንዷ በቤቷ ታስተናግዳለች። ዝክሩ ሲያበቃ ጽዋውን ለሚቀጥለው ወር ተረኛ ታስረክባለች። እኔ ያረፈች እናት ቦታ ተክቼ ገብቼ ነው፤ የመጀመሪያ ተራዬ ኅዳር ላይ ነበር። ዘመድ ለሌላት ሴት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ባለ ዘመድ አያውቀውም። በዚህ ከተማ ቤት ተከራይቼ ስኖር ከአከራዬ በቀር ደጄን የረገጠ የለም። የዚያን ቀን ግን ቄሱ ይገባሉ፣ ቤቱ ይባረካል፣ «የእሷ ቤት» ይባላል።

አንድ እሑድ የማኅበራችን ሙሴ፣ ማለትም መሪያችን፣ መጡ። ትልቅ ሴት ናቸው፤ እመይቴ ነው የምንላቸው። ተቀመጡ፣ ጉልበታቸውን አሹ፣ ስለ ገብሱ ስለ ብርዱ አወሩ።

«እታለሜ፣ የኅዳሩን ተራ እኛ ብንይዝልሽስ?»

«ለምን እመይቴ?»

«ብቻሽን ነሽ፣ ሰው አገር ነሽ፤ ይከብድሻል ብለን ነዋ።»

«ከበደኝ ያልኋችሁ መቼ ነው?»

ፊቴን አላዩም፤ እጄን ነበር የሚያዩት። «ሰው ያወራል ልጄ። እጅሽ እስኪድን እንጂ ለዘለዓለም አልተባለ። ክፉ በሽታ ነው የሚሉ አሉ።»

«የትኛው ክፉ በሽታ?»

«ስሙን አልጠራም» አሉና አማተቡ።

ሳይጠሩትም ገባኝ። በቤተ ክርስቲያኑ በር በጋቢ ተጠቅልለው የሚቀመጡትን፣ ጣታቸው ያለቀውን ሰዎች ማለታቸው ነው። ደሜ ፈላ። አሥራ አንድ ሴት ተሰብስቦ በእጄ ላይ ሲፈርድ አንዷ እንኳ «እስቲ አሳዪኝ» አላለችም። ሐኪም ያላደረገውን ከማኅበርተኛ መጠበቄም የዋህነት ነው።

በሚቀጥለው እሑድ ቅዳሴ ወጥቶ ከአጥሩ ሥር ካልሲዬን ሳጠልቅ አንዲት ከእኔ የምታንስ ሴት አጠገቤ መጥታ ቁጢጥ አለች። በሴቶች በኩል ሁልጊዜ ከኋላዬ የምትቆም ናት፤ ላቦራቶሪ እንደምትሠራ ያወቅሁት በኋላ ነው።

«ይቅር በይኝ እህቴ፤ እግርሽን አየሁት።»

«ቅዳሴ መጥተሽ የሰው እግር ነው የምታዪው?»

«ምን ላድርግ? ስሰግድ ከግንባሬ ፊት ያለው እሱ ነው!»

ሳልወድ ሳቅሁ። «እስቲ እጅሽን» አለችኝ። ነጠላዬ ውስጥ ሸሸግሁት። «ኧረ አልበላውም! ሁለቱንም አምጪ።» አወጣሁ። ግራውን ገልበጥ አድርጋ ተወችው፤ ቀኙን ይዛ ቆየች። ከዚያ እንደገና ወደ እግሬ አየች። የሁለቱም እግሮቼ ጥፍሮች ወፍረዋል፣ ቢጫ ናቸው፤ ጫማው ቁልቁለት ላይ ስለሚመታኝ ነው ብዬ ከተውሁት ቆይቷል።

«አንድ እጅና ሁለት እግር» አለች። «እግርሽን የምታኪው በየትኛው እጅሽ ነው?»

«በቀኜ።»

«ያው ነዋ! በሽታው ከእግርሽ ነው የተነሣው፤ እጅሽ ተከትሎ ሄደ። ጫማሽን አውልቂ ያለሽ የለም?»

የለም። ሁለት ጊዜ ሄጄ፣ ሁለት ካርድ አውጥቼ፣ ጫማሽን አውልቂ ያለኝ ሰው አልነበረም። ጫማዬን የማወልቀው እግዚአብሔር ቤት ብቻ ነው፤ የታየልኝም እዚያው ነው። ይኼን ባሰብሁ ቁጥር ምስጋናና ንዴት በአንድ ላይ ይመጡብኛል።

ያን ዕለት ግን ልትመረምረኝ እሺ አላለችም። «ቅባት እየቀባሽ ከሆነ ፈንገሱን ይሸሽግብኛል። አቁሚና ከሁለት ሳምንት በኋላ እኔ የምሠራበት ላቦራቶሪ ነይ። እስከዚያ ጫማሽን አድርቂ። እርጥብ ካልሲም እንዳይነካሽ።» ሁለት ሳምንት! ተራዬ ሲቀርብ ቀኑን ቆጠርሁ።

ስሄድ መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ አገናኘችኝ። እሱ አየኝ፤ በእውነት አየኝ። የጥፍሬን ዙሪያ ተጫነ፤ ቢያብጥና መግል ቢይዝ ውኃ የሚያበዙ ሰዎችን የሚይዝ ሌላ በሽታ ነው አለ። በመርፌ ጫፍ የተወጋ የሚመስል ጉድጓድ ፈለገ፤ ያም ቢኖር የቆዳ በሽታ እንጂ ፈንገስ ላይሆን ይችላል። ዐይኔን አስጨፍኖ እጄንና እግሬን በጥጥ ነካካ። «ይሰማሻል?» ይሰማኛል። «እዚህስ?» ይሰማኛል። ምን እየፈለገ እንደሆነ ስለገባኝ፣ በተሰማኝ ቁጥር በልቤ ተመስገን እላለሁ።

የላቦራቶሪዋ ልጅ ጥፍሬን ቆረጠችና ጫፉን ጣለችው። «ይኼ የሞተ ነው። እኔ የምፈልገው የታመመው ከጤነኛው የሚገናኝበትን ነው» ብላ ከሥሩ ጠልቃ ፋቀች። ዱቄቱን በስስ መስታወት ላይ አድርጋ የሆነ ጠብታ ጨመረችበት፤ ጥፍሩን የሚያሟሟ ነው አለች። ቆይታ በማይክሮስኮፑ አየች። «ነይ እይው» አለችኝ። ቅርንጫፍ ያወጣ፣ እዚህም እዚያም የተበጠሰ ቀጭን ክር ነበር።

«ይኼ ነው?»

«ይኼው ነው ያ ሁሉ ወሬ።»

ሐኪሙ ጉበቴ ደኅና መሆኑን በደም አስመርምሮ የሚዋጥ መድኃኒት ጀመረልኝ። የእጅ ጥፍር ታድሶ እስኪያልቅ ግን ግማሽ ዓመት እንደሚፈጅ ነገረኝ፤ የእግሩ ከዚያም ይዘገያል። እሷ ደግሞ «ስታቦኪና ስታጥቢ ጓንት አድርጊ። ለእነሱ ብለሽ አይደለም፤ ጥፍርሽ ደረቅ እንዲሆን ነው» አለችኝ። ኅዳር ሲደርስ እጄ ያው አስቀያሚ ይሆናል ማለት ነው።

የውጤቱን ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ወደ እመይቴ ቤት ጉዞ ጀመርሁ። መንገዴን ሙሉ የምናገረውን አጠናሁ፤ «ሥጋ ደዌ የለብኝም፤ ይኸው!» ልል ነው። በቤተ ክርስቲያኑ በር ሳልፍ አንዲት ጣቶቻቸው ያለቁ እናት «ደኅና ዋልሽ ልጄ» አሉኝ። እንደ ወትሮዬ ራሴን ነቅንቄ አልፌ ነበር፤ እግሬ ግን ተያዘ። ወረቀቱ እኔን የሚያወጣኝ እሳቸውን እዚያው ትቶ ነው። መድኃኒቱን የጀመረ የሥጋ ደዌ ሕመምተኛ ለሰው እንደማያስተላልፍ የላቦራቶሪዋ ልጅ ነግራኛለች፤ እኔ ግን የዚያን ዕለት የሰማሁት ለእኔ የሚመቸኝን ብቻ ነው። ጌታ እጁን ዘርግቶ የዳሰሳቸውን እኔ ከሩቅ ነው ሰላም የምላቸው። በሴቶቹ ስናደድ ከርሜ በራሴ ተናደድሁ። ተመልሼ ወደ ቤቴ ሄድሁ።

የጥቅምት ማኅበር ሲያበቃ ቄሱ እንደ ልማዱ «ተረኛዋ ማን ናት?» አሉ። ሰው ሁሉ ወለሉን አየ። እመይቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እኔ ብድግ አልሁ።

«እኔ ነኝ አባ።»

«እንዲያው ይቆያት ብለን...» ጀመሩ እመይቴ።

«አልቆይም እመይቴ። ያለብኝ ፈንገስ ነው፤ ሐኪም አይቶታል፣ መድኃኒት ጀምሬያለሁ። ግን የፈራችሁት በሽታ ቢሆንም ኖሮ መድኃኒቴን እየዋጥሁ እዚሁ እቆም ነበር። በየትኛው መጽሐፍ ነው የታመመ ተራው የሚዘለለው?»

ቄሱ አላዳኑኝም፣ አልተቃወሙኝምም፤ መስቀላቸውን እያገላበጡ ጠበቁ። እመይቴ ጽዋውን አነሡና ከፊቴ ካለው ዱካ መቀመጫ ላይ ሊያኖሩት ጎንበስ አሉ። እኔ እጄን ዘርግቼ እንደ ቆምሁ ቀረሁ።

«ያዥው እንጂ፣ ክንዴ ዛለ!» አሉና በእጄ ላይ አደረጉልኝ። ጣታቸው ነክቶኛል።

ኅዳር በዕለቱ ዘጠኙ መጡ። ሁለቱ ልጅ ታመመብን ብለው ላኩ። ዳቦው ተባርኮ ሲቆረስ ሁሉም እመይቴን ነበር የሚያዩት። እሳቸውም ጎረሱ፣ አላመጡ፣ ትንሽ አሰቡ።

«ጨው አንሶታል» አሉ።

ሌሎቹም ተቀብለው አዎ አንሶታል፣ እርሾውም አልደረሰም አሉ፤ እያሙኝ በሉ። እንደ ማንኛዋም ተረኛ ታማሁ። የቀሩትን ሁለቱን ግን እስከ ዛሬ ይቅር አላልሁም፤ ንስሐ አባቴ ገና እየለመኑኝ ነው።