ሊብሬው በዕንባቆም ስም ነው

አድነው በዚያ ቅዳሜ ጠዋት ክራቫት አሰረ። ሰው ለሠርግ እንጂ ለመኪና ክራቫት አያስርም፤ እሱ ግን አሰረ። ቶሚ ከሦስት ቀን በፊት ደውሎ፣ «ጋሼ አድነው፣ አማዞኗን ለአሮጌ መኪኖች በዓል ልንወስዳት ነው። ያለ እርስዎ አትነሳም። እዚያ ስንደርስ ደግሞ ሰርፕራይዝ አለ» ብሎት ነበር። ይህቺን «ሰርፕራይዝ» የምትባል ቃል አድነው ሦስት ቀን ሙሉ ሲያላምጣት ሰነበተ። በመጨረሻም በሰው ፊት ቁልፉን ሊሰጡኝ ነው ብሎ ደመደመ።

እንዲህ ቢያስብ አይፈረድበትም። መኪናዋ የስድሳ ስድስት ሞዴል ቮልቮ አማዞን ናት። የቶሚ አባት ዕንባቆም ከዘጠኝ ዓመት በፊት ከአንድ ገበሬ ጎተራ ሲያወጣት ወለሏ በስብሶ ሣር በቅሎባት ነበር። ዕንባቆምና አድነው በአንድ ክረምት ስዊድን ስደተኛ ሆነው መጥተው፣ ስቶክሆልም ዳር ሮግስቬድ በሚባል ሰፈር አንድ ክፍል ተጋርተው እንደ ወንድማማች የኖሩ ጓደኛሞች ነበሩ። ዕንባቆም ገዛ፤ አድነው ሠራ። አድነው አዲስ አበባ ሳለ አንቱ የተባለ መካኒክ ነበር፤ እዚህ ግን ሙያዬ ነው ቢል ሰሚ አጥቶ፣ ዮርድብሩ ባለ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ሲነዳ ዕድሜው አለቀ። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ብቻ፣ በተከራዩት ጋራዥ ውስጥ፣ እንደገና ሰው ይሆን ነበር። የዛገውን ላሜራ ቆርጦ አዲስ በየደ፤ ሞተሩን አውርዶ ፈታ፣ አጥቦ ገጠመ፤ የፍሬኑን ቱቦ አንድ በአንድ ቀየረ። ዕንባቆም በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጨዋታ ያመጣል። በጨዋታ ማንም አይችለውም። መፍቻ ሲሉት ካቻቢቴ ያቀብላል።

«ስንጨርስ ያንተ ናት» ይለው ነበር። «እኔ ከኋላ እቀመጥና እንደ ሚኒስትር ትወስደኛለህ።»

ሊብሬው ግን በዕንባቆም ስም ነው። ወንድምን ወረቀት ጻፍልኝ ማለት ለአድነው ከስድብ አይለይም።

ባለፈው መስከረም ዕንባቆም ልቡ ቀጥ ብሎ ሞተ። በአርባው ቀን ከጸሎቱ በኋላ አቶ ይገዙ የሚባሉ ሽማግሌ ተነስተው፣ «ከሟች ጋር የቀረ ነገር ያለው፣ ቃልም ቢሆን፣ አሁን ይናገር» አሉ። አድነው ጉሮሮውን ጠራረገ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። የሟች ሚስት ውብነሽ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ስትጠርግ አየና፣ «ነፍሱን ይማር» ብሎ ተቀመጠ። በዚያ እንባ ፊት የመኪና ነገር እንዴት ይነሳል?

እና አሁን ከቶሚ ጋር ወደ ሰሜን እየነዳ ነው። ኡፕላንድስ ቬስቢ የምትባለውን ከተማ ሲያልፉ አንዲት አሮጌ ቀይ መኪና ክላክስ አድርጋ ሰላም አለቻቸው። አድነው ክራቫቱን አስተካክሎ መለሰ።

«ቶሚ፣ እስቲ ሞተሩን ስማው። ምን ይልሃል?»

«ሞተር፣ ሞተር ይላል።»

«የሌላውማ ሞተር ይላል፤ ይሄ ይዘፍናል!»

ቶሚ ሳቀና ወደ ስዊድንኛው ተመለሰ። አባቱም እንዲሁ ይል እንደነበር ነገረው። ቀጥሎም፣ «ይሄን ሁሉ ብቻውን መሥራቱ ግን ይገርመኛል» አለ።

አድነው መሪውን ጨበጥ አደረገ። «ብቻውን?»

«እርስዎም አግዘውታል፣ ባባ ነግሮኛል» አለ ቶሚ፣ አሁን በአማርኛ። «መፍቻ ያቀብሉት ነበር።»

አድነው ማርሽ ቀየረ። ሟች ለልጁ ያወራው እንዲህ ነው? ከልጅነቱ ጀምሮ ሐኪም እሆናለሁ ሲል ላደገ ልጅ፣ አባት የሚኮራበትን ወሬ ከየት ያምጣ? ዕንባቆምም እንደ አድነው መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲደረድር ኖሮ ነው የሞተው። «አዎ» አለ አድነው፣ «አቀብለው ነበር።»

በዓሉ ከኡፕሳላ ከተማ ወዲያ ሐይቅ ዳር ባለ ሜዳ ላይ ነበር። መኪኖቹ ኮፈናቸውን ከፍተው ተደርድረዋል። ቶሚ ከኋላ ወንበር በጨርቅ የተጠቀለለ ሰሌዳ አወጣና መስታወቱ ሥር አቆመው። ዕንባቆም መሪ ይዞ የሚስቅበት ፎቶ ነው። ከሥሩ በስዊድንኛ፣ «አባቴ ዕንባቆም በገዛ እጁ የሠራት» ይላል።

«ሰርፕራይዝ!» አለ ቶሚ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «እንዴት ነው?»

«ቆንጆ ነው» አለ አድነው።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ጢማም ስዊድናዊ ሽማግሌ መጥቶ በጉልበቱ ተንበረከከና በበሩ ሥር ያለውን ብየዳ በጣቱ ዳሰሰ። ደጋግሞ ዳሰሰ። ዕድሜውን ሙሉ በዚህ ሥራ እንደኖረ፣ እንዲህ ያለ እጅ ግን ከሁለት ጊዜ በላይ እንዳላየ ተናገረ። ላሜራው ሳይጣመም ይህን ጥግ እንዴት እንደበየዱት ጠየቀ። ቶሚ ወደ አድነው ዞረ። አድነው ሳያስበው አፉ ተከፈተ፤ ትንሽ በይዶ፣ በእርጥብ ጨርቅ አቀዝቅዞ፣ እንደገና ትንሽ እየበየዱ መሄድ ነው ብሎ በእጁ አሳየ።

ሽማግሌው የአድነውን ጣቶች አየ። ብልጭታ ያቃጠላቸውን ጠባሳዎች አየ። «አንተ ነህ የሠራሃት?»

ቶሚም አየው። ፎቶውም የሚያየው መሰለው።

«አይ» አለ አድነው። «አባቱ ነው። እኔ አጠገቡ ነበርኩ።»

ሽማግሌው ለካ ገዢው ነበር፤ ከውብነሽ ጋር አስቀድሞ በስልክ ተነጋግሯል። ቶሚ መኪናዋን ሊሸጧት እንደሆነ አፍሮ ለአድነው ነገረው፤ የጋራዡን ኪራይ እናቴ ብቻዋን አልቻለችውም አለ። ከዚያ ቶሚ ለቁልፉ እጁን ዘረጋ። አድነው ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠው።

በአውቶቡስ ኡፕሳላ ደርሶ የስቶክሆልሙን ባቡር ሲጠብቅ ውብነሽ ደወለች።

«አድኔ፣ ሠራኋት አልክ?»

«ለማን?»

«ለሰውየው። ለቶሚ።»

«አላልኩም።»

«እንደሠራሃት አውቃለሁ እኮ» አለች። «ምሳችሁን እያመጣሁ ያን ሁሉ ዓመት በዓይኔ አይቻለሁ። በአርባው ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ። ክረምቱን ሙሉ ጠበቅሁ። ዛሬ እንኳን ልጁ ፊት አንድ ቃል ብትል ሽያጩን አስቀር ነበር። ምን አስሮህ ነው?»

«አንቺስ ምን አስሮሽ ነው?»

«አንተ ደግሞ! ልጄን፣ የሞተው አባትህ ዋሽቶሃል ልበለው?»

ባቡሩ መጣ። ሰዉ እየተጋፋ ገባ። አድነው ከመድረኩ አልተንቀሳቀሰም።

«ሰውየው ፈረመ?» አላት።

«ፈረመ። አሁን ነው ቶሚ የጻፈልኝ።»

«እንግዲያው ለልጁ እንዳትነግሪው» አለ አድነው።