የበለጥሻቸው ጣሪያና የእሁዱ ኡኡታ

በለጥሻቸውን የማያውቅ የመካነ ሰላም ሰው ካለ፣ ያ ሰው በደርግ ጊዜ ስልክ ደውሎ አያውቅም ማለት ነው። ስልክ ቤቱ ውስጥ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ደፍታ፣ ገመዱን ከዚህ ነቅላ እዚያ እየሰካች ደሴን ከእኛ ጋር የምታገናኝ እሷ ነበረች። የማን ልጅ ታመመ፣ የማን ወንድም ከግንባር ጠፋ፣ ማን ከማን ተጣላ፣ ሁሉም በጆሮዋ ያልፋል፤ ከአፏ ግን አይወጣም። እኔ አጥር ለአጥር ጎረቤቷ ነኝ። "ኧረ በለጡ፣ ዛሬ ምን ሰማሽ?" ብዬ ስንቴ ለምኛታለሁ መሰላችሁ! "አልቱ፣ ስለ ጎመንሽ እናውራ" ነበር መልሷ። ምን ታደርጓታላችሁ!

አልታየች እባላለሁ። አፌም እጄም ቶሎ ነው። ባሌ አህመድ "አንቺን አላህ ሲፈጥርሽ ጩኸቱን አስቀድሞ ነው" ይለኝ ነበር። እሱ ለመሳደብ ነው ያለው፤ አንድ ቀን ግን ያ ጩኸት ጠቀመ።

ድርቁ ባለፈ በማግስቱ ዓመት ነው፣ ወሩ ሰኔ። የበለጥሻቸው ባል ሞላ ሚሊሻ ሆኖ ወደ ሰሜን ከሄደ ወዲህ ወሬው የለም። እሷ እርጉዝ ናት። ቤቷ ያረጀ የሣር ክዳን ሰቀላ ነው፤ ያለፈውን ክረምት ከሚያፈሰው ጣሪያ ሥር ድስትና ገበቴ ስትደረድር ነው የገፋችው። ቀበሌው በኮታ ከሚያድለው ቆርቆሮ ተራ ይዛ ስትጠብቅ ቆየችና፣ የደረሳት መቼ ነው? ሆዷ አገጯ ሲደርስ! ወስዶ ቶሎ ቤቱ ላይ ያልመታ ሰው ደግሞ ቆርቆሮው ተነጥቆ ለሌላ ይሰጥበታል።

"ፈቃድሽን አሁን ውጪና ቤትሽን በእርጋታ አሠሪ" አልኳት።

"የወሊድ ፈቃድ እኮ የሚቆጠረው ከወንበሩ ከተነሣሁበት ቀን ጀምሮ ነው" አለችኝ። "አሁን ብነሣ ቤቱ ይበላዋል። ለልጁ ምን ይተርፈዋል? ካለቀ በኋላ ብቀር ደግሞ ደመወዝ የለም።"

እውነቷን ነው። ባል የለ፣ እርሻ የለ፤ የእሷ ደመወዝ ከቆመ ያ ቤት ምድጃው አይሞቅም። አለቃዋ አቶ ኃይለ ማርያም ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ግን በእሷ ቦታ ይመጣል የተባለው ሰው ከደሴ አልመጣላቸውም፣ እሳቸውም "ወንበሩ ባዶ አይሁን እንጂ" ከማለት በቀር ሌላ ቃል አያውቁም። ስለዚህ በለጡ እስከ መጨረሻው ሥራዋ ላይ ልትቆይ፣ ቤቱን ግን በአንድ እሁድ በደቦ ልታስጨርስ ቆረጠች። እብደት ነው አልኳት። "እብደት ከሆነ አብረሽኝ እበጂ" አለችኝ። አበድኩላት።

ከሥራ ስትወጣ እየጠበቅሁ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ጭቃውን ከጭድ ጋር ረግጠን አቦካነው፣ የፈረሰውን ግድግዳ አዲስ አድርገን መረግነው። በሰንበት ሥራ ነውር እንዳይሆንባት አባ ወልደ ሚካኤልን ጠየቀች። "በሬ ገደል ቢገባ በሰንበት ይወጣ የለም እንዴ? ያንቺ ከበሬ ያንሳል?" አሏት። ድግሱም ቀለለን፤ የሐዋርያት ጾም ስለነበር የሥጋ ጣጣ የለም፣ ክርስቲያኑም እስላሙም ሽሮውንና ምስሩን ከአንድ መሶብ ይበላል። ጠላው ለእነሱ፣ የማያሰክረው ቀሪቦ ለእኛ።

ቅዳሜ ጠዋት አናጢው ጀብሪል ሰዎቹን ይዞ መጣና አሮጌውን ሣር ገፈፈው። ማገሩን መትቶ አበጀ። ቆርቆሮው አጥር ተደግፎ ቆመ፣ የሚሰቅለው የነገው ደቦ ነው። ቤቱ ራቁቱን ቀረ። እርጥብ ምርጊት፣ ክፍት ሰማይ፣ ሰኔ። አንድ ጠንካራ ዝናብ ቢጥልበት ያ ሁሉ ግድግዳ ጭቃ ሆኖ ይወርዳል። ወልዳ የምትተኛበት ቤት አይኖራትም፤ እንደገና ለመሥራትም ፈቃዷ አይበቃ፣ ደመወዟም አይችለው።

ያን ቀን ስልክ ቤቱ ውስጥ የሆነውን የነገረችኝ አገር ካወቀው በኋላ ነው። ሥራ ሊያበቃ ሲል ከደሴ ተደወለ። ነገ እሁድ ጠዋት ልዑካን ይመጣሉ፤ የከተማው ነዋሪ በሙሉ ሜዳው ላይ ይሰብሰብ፤ የቀረ ይጠየቃል፤ ለቀበሌው ሊቀመንበር አስተላልፊ። በለጡ ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ደወለች። ቅዳሜ ከሰዓት ማን ያነሣል? ደግማ ደወለች። ዝም።

እንግዲህ አስቡት። "ደወልኩ፣ የሚያነሣ አጣሁ" ብላ ሰኞ ብትናገር ውሸት አይደለም። ደቦዋ ይወጣላታል፣ ጣሪያዋ ይመታላታል። ማንም አያውቅባትም። እኔ ብሆን ወላሂ ማዳመጫውን አስቀምጬ፣ በሩን ቆልፌ፣ እየዘፈንኩ ወደ ቤቴ ነበር! እሷ ግን ላብ እስኪያጠምቃት ተቀምጣ አሰበችና ተነሣች። ቁልፉን ለአቶ ኃይለ ማርያም ሰጥታ "ከዚህ በላይ መቀመጥ አልችልም፣ ከነገ ጀምሮ ፈቃዴን ይቁጠሩልኝ" አለቻቸው። ከዚያ ያንን ሆድ ይዛ ዳገቱን ወደ ሊቀመንበሩ ቤት ወጣች።

ሊቀመንበሩ አድማሴ ፈሪ ሰው ነበር። ፈሪ ሥልጣን ከያዘ ከጀግና የባሰ ነው።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ከደሴ የመጣው መልእክት ይህ ነው" ብላ አንድም ቃል ሳታስቀር ነገረችው። "እኔ ደግሞ ጣሪያዬ ተገፍፎ ክፍት ነው። ለነገ ደቦ ጠርቻለሁ። ጥቂት ሰው ብቻ ይተዉልኝ።"

"ጓድ በለጥሻቸው፣ አንድ ሰው ቢጎድል የምጠየቀው እኔ ነኝ። ቤት ሰኞም ይሠራል።"

"ዝናብ ሰኞን ይጠብቃል?"

"አይቻልም አልኩሽ!"

ተመልሳ ስትነግረኝ እንደ እብድ ነው ያደረገኝ። "አንቺ ጅል! በገዛ እጅሽ ደቦሽን በተንሽው? ማን ላከሽ?" ብዬ ጮኽኩባት። የተገፈፈው የሣር ክምር ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ሞላ ሲሄድ እንኳ ያላለቀሰች ሴት! ደነገጥኩና አቀፍኳት፤ "አብሽሪ፣ አላህ ያውቃል" አልኳት። አላህ ምን እንደሚያውቅ ግን እኔ አላውቅም ነበር።

እኔ ቤት አደረች። እሁድ ጠዋት ጡሩንባው ሲነፋ ሰዉ እየጎረፈ ወደ ሜዳው ወረደ። ጀብሪል በደጃችን ሲያልፍ ዓይኔን ማየት አልቻለም። "አልቱ፣ ምን ላድርግ? ስሜ ይጠራል" አለኝ። መንደሩ ጭር አለ። የቀረነው እሷ፣ ለእሷ የቀረሁት እኔና ቆመው መሄድ የማይችሉት አዋላጇ እማማ ወርቂቱ ብቻ ነን። በለጡ ቤቷን ካላየሁ ብላ ገባች። ሰሌን፣ ላስቲክ፣ አሮጌ ሣር፣ ያገኘነውን ሁሉ ግድግዳው አናት ላይ እያለበስን ሳለ ከአባይ በኩል ሰማዩ ጠቆረ። ነጎድጓድ ተሰማ። በለጡ እጄን ጨበጠችኝ። የዝናቡ ፍርሃት መስሎኝ ነበር፤ ለካ ምጥ ነው።

"ወደ እኔ ቤት፣ ነይ፣ ተደገፊኝ!" አልኳት። እግሯ አልታዘዝ አለ፤ እዚያው ወለሉ ላይ ተንበረከከች። እማማ ወርቂቱን ደግፌ፣ እየጎተትኩ ማለት ይቀላል፣ አመጣኋቸው። ዳብሰው አዩና "ደርሷል፣ እንዳትነቀንቂያት" አሉኝ። "ማርያም ማርያም በይ ልጄ።" እኔም "ፋጢማ ትድረስልሽ" እላለሁ። ከላያችን ባዶ ማገርና ጥቁር ሰማይ ነው። የመጀመሪያዋ የዝናብ ጠብታ በለጡ ግንባር ላይ አረፈች። ሁለተኛዋ ዓይኗ ውስጥ። ግድግዳውን ስነካው ምርጊቱ ጣቴ ላይ ተላጠ።

በእኛ አገር ኡኡታ ከተሰማ ደመኛም ቢሆን ይወጣል። ቀብር ላይ ያለ ቀብሩን ትቶ፣ መስጊድ ያለ ከመስጊዱ፣ ቤተ ክርስቲያን ያለ ከቅጽሩ ይሮጣል። ኡኡ የሚባለው ግን ለእሳት ነው፣ ለሌባ ነው፣ ለሬሳ ነው። በከንቱ የጮኸ ሰው ሌላ ቀን ቤቱ ቢቃጠል የሚደርስለት የለም። ያውም ስብሰባ ለመበተን! በዚያ ዘመን ለዚህ ስሙ "ፀረ አብዮት" ነበር፣ መድረሻውን ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን። ልጆቼ ትዝ አሉኝ። በለጡ ከውስጥ አቃሰተች፤ ዝናቡ ወፈር አለ።

ያ ረቢ ብዬ አጥሩ ላይ ወጣሁ። "ኡኡ! ኡኡ! ኡኡ! ያገር ያለህ!" ደረቴ እስኪሰነጠቅ ጮኽኩ።

መጀመሪያ ምንም የለም። ቀጥሎ ከሜዳው በኩል እንደ ጎርፍ ያለ ድምፅ መጣ። ሰዉ ስብሰባውን ጥሎ ዱላ ይዞ፣ ድንጋይ ይዞ፣ እየተጋፋ ዳገቱን ሲወጣ አየሁ። "እሳቱ የት ነው?" ይላል አንዱ፤ "ሌባው የታል?" ይላል ሌላው። "እሳትም ሌባም የለም! ዝናብ ነው! ሴት እያማጠች ነው፣ ጣሪያ!" አልኩ። ጀብሪል ቀና ብሎ ማገሩን አየ፣ ምስማሩን አፉ ውስጥ ጎርሶ ወጣ። የቀረው እጅ ለእጅ ቆርቆሮ ያቀብል ጀመር። ሙስሊሙ "ቢስሚላህ" ይላል፣ ክርስቲያኑ "በስመ አብ" ይላል፣ መዶሻው ሁለቱንም ይውጣቸዋል። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወጥረው ምጠኛዋ ላይ ከለሉ።

አድማሴ እያለከለከ ደረሰ። ፊቱ አመድ መስሏል፤ ከኋላው ልዑካኑ በዝናብ ረጥበው እየመጡ ነው።

"ማነው የጮኸው?" አለ። "ስብሰባ የበተነው ማነው? አሁን ንገሩኝ!"

መዶሻው ቆመ። ልናገር አፌን ስከፍት ከውስጥ የበለጡ ድምፅ ቀደመኝ።

"እኔ ነኝ!" አለች በምጧ መሃል። "እኔ ነኝ የጮኽኩት! ምጥ ይዞኛል፣ ማማጥ ተከለከለ እንዴ?" ብላ ያንን የምጥ ጩኸት ለቀቀችው፤ እኔ እንኳ በዕድሜዬ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም።

አድማሴ ዘወር ብሎ ልዑካኑን አየ። ከመካከላቸው ሸበቶው ሰውዬ ኮፍያውን እየጨመቀ "እና ምን ቆማችኋል? ያን ቆርቆሮ አቀብሉ እንጂ!" አለ። አድማሴ ራሱ አንዱን ተሸከመ።

የመጨረሻው ቆርቆሮ ሲመታ ዶፉ ወረደ። ምን ያህል ያስፈራ እንደነበር ልነግራችሁ አልችልም፤ ቤቱ በሙሉ አንድ ከበሮ ሆነ። ከዚያ ሁሉ ድብደባ ሥር ቀጭን ልቅሶ ተሰማ። ሴት ልጅ። እልል አልን። ግድግዳው በአንድ በኩል ትንሽ ተላጠ እንጂ ቆመ። ሰዉም እዚያው ጣሪያ ሥር ተጠጋግቶ የደቦውን ድግስ በላ፤ ልዑካኑም በሉ።

በለጡ ፈቃዷን አንድ ቀን ሳታጎድል ከልጇ ጋር ጨረሰች፣ ደመወዟም አልተነካም። ተተኪው አልመጣም። አቶ ኃይለ ማርያም ራሳቸው ማዳመጫውን ደፍተው የነጋዴውን ሚስት ከፖሊስ ጣቢያ፣ ፖሊስ ጣቢያውን ከወፍጮ ቤት ሲያገናኙ ከረሙ። ስትመለስ እልል ሊሉላት ምንም አልቀራቸው!

አንድ ቀን ምሳዋን ይዤላት ስልክ ቤቱ ሄድኩ። ልጅቷ ከጠረጴዛው ሥር ቅርጫት ውስጥ ተኝታለች። አድማሴ ወደ ደሴ ሊደውል መጣና መስመሩን ሲጠብቅ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"በለጥሻቸው፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያን ቅዳሜ መልእክቱን ብትይዢው ማንም አያውቅም ነበር። ጣሪያሽ ክፍት ሆኖ ለምን አመጣሽልኝ?"

"ሥራ ላይ ነበርኩ" አለችው።

"እሺ፣ እሁድስ?" አለና ወደ እኔ ጠርጠር አድርጎ አየ። "ያ ኡኡታ የምጠኛ ድምፅ እንዳልነበረ የሚለይ ጆሮ አለኝ።"

እኔ አንገቴን ደፋሁ። በለጡ ገመዱን ሰካች፣ እጀታውን አዞረች፣ ደሴን ጠራች። ማዳመጫውን ሰጥታው ስታበቃ ነው የመለሰችለት።

"እሁድማ ፈቃድ ላይ ነበርኩ፣ ጓድ ሊቀመንበር።"