ተላላኪው ወንድሜና የማስታገሻው ቁልፍ

ታላቅ ወንድሜ ዕድሜውን የጨረሰው በመሥሪያ ቤት ተላላኪነት ነው። አለቆቹ ጠረጴዛቸው ላይ ያለችውን ደወል ሲጫኑ የጎረሰውን ሳይውጥ "አቤት!" ብሎ ይሮጣል። ጡረታ ከወጣ በኋላም የጎረቤት በር ደወል በጮኸ ቁጥር ከወንበሩ ብድግ ይላል። "አንተን አይደለም፣ ጋሼ" እያልን እንስቅበት ነበር። አሁን ሳስበው ምኑ ያስቃል?

አንጀቱ ላይ ዕጢ ተገኝቶ ሆዱ ከላይ እስከ ታች ተከፈተ። አጠገቡ የተኛው ሹፌርም ያንኑ ቀዶ ጥገና ተደርጎለታል፤ እሱ ግን ጀርባው ላይ ቀጭን ቱቦ ገብቶለት ማደንዘዣው ሳይጠይቅ ይንጠባጠብለታል። በማግስቱ ኮሪደሩ ላይ ይንጎራደድ ጀመር። ጋሼ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይወስድ ስለነበር የጀርባው ቱቦ አልተፈቀደለትም። በምትኩ የሕመም ማስታገሻ በደም ሥሩ የሚሰጥ ማሽንና የምትጫን አንዲት ቁልፍ መጣችለት።

"ሲያምዎት ራስዎ ይጫኗት፤ ሌላ ሰው እንዳይነካት" አለች ነርሷ።

አንዴ ተጫናት። እንዳጋጣሚ ቱቦው ታጥፎ ኖሮ ማሽኑ ጮኸ፤ ነርሷም እያላመጠች ሮጣ መጣች።

"ምሳዋን አስጣልኳት" አለኝ አፍሮ።

"ጋሼ፣ ቁልፏ እኮ ማንንም አትጠራም! መድኃኒቱን የሚሰጥህ ማሽኑ ነው።"

"በዓይኔ አየሁ እኮ። መጠራትን ለኔ አትንገሪኝ።"

ሹፌሩም፣ "የኔ አውቶማቲክ ነው፤ የርስዎ ማርሽ ይፈልጋል። ይቀይሩ እንጂ ጋሼ!" ይለዋል። ወይ ፍንክች!

ካላሳለና ካልተነሳ ሳንባው እንደሚታመም ሐኪሙ አስጠንቅቆናል። ሳል ሲመጣበት ግን ስፌቱን በመዳፉ ይዞ፣ ጥርሱን ነክሶ አፍኖ ያስቀረዋል። ልነሳ ሲል ላብ ያጠምቀዋል፣ ተመልሶ ይተኛል። እኔ ቁልፏን እያየሁ እጄን የማደርግበት ይጠፋኛል። ሐኪሙ ሲጠይቀው ደግሞ "ደህና ነኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ" ይላል።

"እየዋሸ ነው!" ብዬ ጮህኩ።

ሐኪሙ ማሽኑን አየት አድርጎ፣ "አንዴ ብቻ ነው የተጫናት፤ ሕመሙ ቀላል ነው" አለና አስነቅሎ ክኒን አዘዘለት።

ትኩሳቱ ወጣ፤ ትንፋሹ አጠረ። ከንፈሩ ሲጠቁር ግድግዳው ላይ ያለውን የነርስ መጥሪያ ተጫንኩ። ደወሉ ኮሪደሩ ላይ ጮኸ።

ያ ሁላችንም ለምነን ለምነን ያልተነሳ ሰው በክርኑ ተመርኩዞ ብድግ አለ።

"አቤት!" አለ።

"አንተን አይደለም፣ ጋሼ" አልኩት።

እግሩን ወደ መሬት ሊያወርድ ሲታገል ነርሷ ደረሰች። ያቺ "አቤት" የመጨረሻ ቃሉ ሆነች።