በመምህር ሀብቴ ጠረጴዛ ላይ የነበረው ቀይ ብርጭቆ

መምህር ሀብቴ ቤቴል በሚገኘው ቤታቸው፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ሕይወታቸው አልፎ ያገኘናቸው አራት ነን፤ እህታቸው ወይዘሮ አበበች፣ የቤት ሠራተኛቸው ትዕግሥት፣ ጎረቤታቸው አቶ ሽብሩ እና እኔ። ለማታውቁኝ፣ አየር ጤና ሰፈር ስልክ እጠግናለሁ። ትምህርት ካቋረጥኩ በኋላ በራሴ ሳነብ ያልገባኝን ኬሚስትሪ ያስረዱኝ እሳቸው ናቸው።

ጡረታ ከወጡ ወዲህ ጎረቤት በጄሪካን የሚያመጣላቸው የጉድጓድ ውሃ ብረት ይኑረው አይኑረው በነጻ ይመረምሩ ነበር። ታዮሳይኔት የሚባል ኬሚካል ጠብ ሲያደርጉበት፣ ብረት ካለው ውሃው ደም ይመስላል። «ለየብቻ ቀለማቸው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም» ይሉኝ ነበር። «ሲጣመሩ ግን ብርሃን ኤሌክትሮኑን ከሊጋንዱ፣ ማለትም ብረቱን ከከበበው፣ ወደ ብረቱ ያሻግረዋል። ቀዩን ያመጣው ይህ መሻገር ነው።»

ያን ዕለት ጠረጴዛው ላይ እንዲህ የቀላ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ነበር። ወይዘሮ አበበች ወደ ትዕግሥት ዞሩ።

«ምን አጠጣሽው?»

«ሻይ ብቻ ነው የሰጠኋቸው፣ እትዬ። ይሄን አልነካሁም።»

«የምን ሻይ ነው ደም የሚመስል?» አሉ አቶ ሽብሩ።

እውነቱን ልጻፍ፤ እኔም ጠርጥሬያት ነበር። የኬሚካሉ ቁም ሣጥን ቁልፍ የት እንደሚቀመጥ ታውቃለች። ቢሆንም ደም አለመሆኑን ላሳይ ብዬ የቫይታሚን ሲ ክኒን አድቅቄ ጨመርኩበት። ክኒኑ ለብረቱ ኤሌክትሮን ይሰጠዋል፤ ቀዩ እያየነው ጠፋ። ከዚያ መምህሬ እንዳስለመዱኝ፣ ምርመራው ሲያልቅ ደፍቼ ብርጭቆውን አጠብኩት።

«ደም አይደለም እሺ። ጠጥቶት ቢሆንስ?» አሉ ወይዘሮ አበበች። «ደግሞ አንተ ምን አጣደፈህ? ለምን አጠብከው?»

ምርመራቸውን የሚመዘግቡበትን ደብተራቸውን ስገልጥ የመጨረሻው መስመር «የጉድጓድ ውሃ፣ ሙሉ ብርጭቆ» ይላል። ስንገባም ሙሉ ከነበረ አልጠጡትም ማለት ነው። ሁሉን የምለካው ሰው ግን ብርጭቆው ምን ያህል እንደያዘ አላየሁም።

ሐኪሙ ልባቸው ነው ብሏል፤ ለቅሶ ቤቱ አላመነም። ትዕግሥት በሦስተኛው ቀን ተባርራ ዘነበወርቅ ሰፈር ዘመድ ቤት ናት። ወሬው ቀድሟት ስለደረሰ የሚቀጥራት አላገኘችም።

መምህሬ፣ በእርስዎ ቤት ሰው ያለ ማስረጃ አይከሰስም ነበር። እኔ ማስረጃውን በገዛ እጄ ደፋሁት፤ ይቅር ይበሉኝ። በሰላም ይረፉ።

ወይዘሮ አበበች፣ አቶ ሽብሩ፣ እናንተ ከእኔ በፊት ገብታችኋል። ብርጭቆው እስከ የት ሞልቶ ነበር? ያያችሁትን ብቻ ንገሩኝ።