ሴራሚኩ የተነቀለበት ሳምንት

ልጅ እያለሁ በቤታችን ውስጥ ከሁላችንም በላይ የሚከበረው የሳሎኑ ሴራሚክ ነበር። አባቴ አስተማሪ ነው፤ ማራኪ በሚባለው ሰፈር ቤት ሠርቶ ሲጨርስ ከሰፈሩ ሰው ሁሉ ቀድሞ ወለሉን ነጭና አብረቅራቂ ሴራሚክ አስነጠፈ። ጎረቤት መጥቶ ሲያደንቅለት ደረቱን ይነፋል። እናቴ “ይኸ ወለል ነው መስታወት?” እያለች ታሾፍበታለች፤ ወንበር ስንጎትት የምትቆጣን ግን እሷው ነበረች። ለእኔ ደግሞ ሰኞ ማክሰኞ መጫወቻ ካሬ ተሠርቶ የቀረበልኝ ነው የመሰለኝ። በባዶ እግሬ ስዘልበት የሚሰማኝ ቅዝቃዜ ዛሬም ትዝ ይለኛል።

አያቴ፣ የአባቴ አባት፣ ከደባርቅ ወዲያ ባለ ደብር የሚያገለግሉ ቄስ ነበሩ። አዲሱን ቤት ሊባርኩ ይመጣሉ ተባለ። ያኔ አሥር ዓመቴ ነው። ወለሉ እንዲያበራላቸው ብዬ ከትምህርት ቤት እንደተመለስኩ የልብስ ሳሙና በባልዲ በጥብጬ አጠብኩት። በንጹሕ ውኃ ሳላለቀልቀው በሩ ተንኳኳ። ባልዲውን ይዤ በጓሮ በር ሹልክ አልኩና ተመልሼ ከእናቴ ጎን ቆምኩ።

አያቴ ደፉ ላይ ቆመው ወለሉን አዩት። ከዚያ ጎንበስ ብለው፣ ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ እንደሚያደርጉት፣ ጫማቸውን አወለቁ።

“ምነው አባ፣ በጫማዎ ይግቡ እንጂ” አላቸው አባቴ።

“ተወኝ ልጄ፤ ይህን የመሰለ ሸጋ ነገር በጫማ አይረገጥም።”

በካልሲያቸው ሦስት እርምጃ ተራመዱ። አራተኛው ላይ እግራቸው ከዳቸውና በጎናቸው ወደቁ። የዳሌያቸው አጥንት ተሰንጥቆ ሆስፒታል ገቡ።

ጠያቂ በመጣ ቁጥር አባቴ “ጥፋቱ የኔ ነው፤ መስታወት አንጥፌ ሽማግሌ ጠራሁ” ይላል። እኔ አጠገቡ ቆሜ እሰማለሁ። ስለ ሳሙናው ለማንም አልተናገርኩም። ሆድ ይፍጀው አልኩ። ሐኪሙ ለክትትል ጥቂት ወራት ከተማ መቆየት እንዳለባቸው ተናገረ። አያቴ ደግሞ “እዚያ ቤት ዳግመኛ አልገባም፣ ወደ ደብሬ መልሱኝ” አሉ። ደብራቸው መኪና ከሚደርስበት የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ነው፤ ከሄዱ ለምርመራ እንደማይመለሱ ሁላችንም እናውቃለን። አባቴ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሴራሚኩን ነቅሎ፣ ኮሪደሩ ላይ የሚደገፉበት ብረት አስገጥሞ እንደሚወስዳቸው ቃል ገባላቸው። የብረቱን ሐሳብ ያገኘው እዚያው ሆስፒታሉ ግድግዳ ላይ አይቶ ነው።

የኮሪደራችን ግድግዳ ኮንክሪት ነበር። ጎረቤታችን አያ ደሴ አናጢ ናቸውና እንጨት የሚበሱበትን ድሪላቸውን አዋሱት። አባቴ በትከሻው ተደግፎ ቢገፋው ቢገፋው ድሪሉ ጮኸ እንጂ ወደ ውስጥ አልገባ አለ። ቤቱ የተቃጠለ ብረት ሸተተ። ከብዙ ልፋት በኋላ የተገኘው ቀዳዳ ሽምብራ እንኳ አይዝም። አያ ደሴ መጥተው አዩትና “መምህር፣ ኮንክሪት የሚመታውን እንጂ የሚዞርበትን መች ይፈራል?” አሉት።

በማግስቱ ኮንክሪት የሚበሳ ማሽን ልንገዛ አራዳ ገበያ ሄድን። ተከትዬው የሄድኩት ቤት መቀመጥ ስላስጠላኝ ነው። የሱቁ ባለቤት ሽማግሌ ነበሩ፤ ሦስት ማሽን አወጡልን። አባቴ ወዲያው እጁን ወደ ትልቁ ሰደደ።

“ከሴራሚኩ ሥር ያለው ሲሚንቶ ስንት ጣት ይሆናል?” ሲሉ ጠየቁት።

“ሦስት ጣት ቢሆን ነው።”

“እንግዲያ ይኸ ወለሉንም ይዞልዎት ይሄዳል። ደግሞ መምታት እንጂ መብሳት አያውቅም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዳይሆንብዎት።”

ትንሹ ብሎኬት ይበሳል፣ ኮንክሪት ላይ ግን ይደክማል አሉ። መካከለኛው እየዞረ ይመታል፤ ቁልፉን ሲያዞሩት ደግሞ መዞሩን ትቶ መምታት ብቻ ይሆናል። ፑንታ የሚሉትን መብሻ ሲያስገቡበት ግድግዳውን፣ ጠፍጣፋ መሮ ሲያስገቡበት ወለሉን ይሠራል። ሴራሚኩን በጣት አንኳኩተው ባዶ ድምፅ ከሚሰጠው እንዲጀምር፣ መሮውንም አጋድሞ እንዲይዝ መከሩት። ሰውን ሲያስተምር የኖረው አባቴ ደብተር አውጥቶ ሁሉንም ጻፈ። መካከለኛውን ገዛን።

ሥራው ሦስት ቀን ፈጀ። አባቴ የፀሐይ መነጽር አድርጎ አፍንጫውን በነጠላ ሲያስር እናቴ “ሽፍታ መሰልክ” ብላ ሳቀችበት። ጥርሳችን ሳይቀር አቧራ አቧራ ይላል። ሴራሚኩ አንዳንዱ ሳይሰበር ብድግ ይላል፣ አንዳንዱ ይደቃል። ያን ያህል የሚኮራበትን ወለል በገዛ እጁ ሲያፈርስ ማየት አልቻልኩም፤ አለቀስኩ። ማሽኑን አጠፋና “ምነው?” አለኝ። “አቧራው ነው” አልኩት። ትንሽ አየኝ፣ በነጠላው ጫፍ ፊቴን ጠረገልኝና ሥራውን ቀጠለ።

አያቴ መጡ። ሻካራው ሲሚንቶ ላይ ብረቱን ይዘው ሲመላለሱ ቆይተው ድነው ወደ ደብራቸው ተመለሱ። ያረፉትም ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በእርጅና ነው። ሳሎናችን ግን ዳግመኛ ሴራሚክ አላየም።

አሁን አባቴ አርጅቶ ከእኔ ጋር ይኖራል። የመታጠቢያ ቤቴ ወለል ያንሸራትታል። ያኔ ሴራሚኩ የተነቀለው ሰው ከወደቀ በኋላ ነው፤ እኔ ልቅደም ብዬ ባለፈው ወር ማሽን ልገዛ አባቴን ይዤ አራዳ ሄድኩ። የዛሬው ማሽን በባትሪ ይሠራል፤ ሻጩም ወጣት ነው፣ አሠራሩን በስልኩ አሳየን። በሩብ ሰዓት መርጠን ወጣን። ወደ ቤት ስንመለስ ታክሲ ውስጥ፣ ካርቶኑን ጉልበቴ ላይ እንዳስቀመጥኩ፣ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ነገርኩት።

“አባዬ፣ አያቴ የወደቁ ቀን ወለሉን በሳሙና ያጠብኩት እኔ ነበርኩ።”

“አውቃለሁ” አለ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ። “ሳነሳቸው ጋቢያቸው ሳሙና ሳሙና ይሸት ነበር።”

“ታዲያ ‘ጥፋቱ የኔ ነው’ እያልክ ያን የመሰለ ወለል ለምን ሰበርከው?”

“አንቺ ከምትሰበሪ ብዬ ነዋ” አለኝ።