ሳንነግራቸው የለካነው ስንጥቅ

ይህ የደረሰብኝ በኢሕአዴግ ዘመን፣ ክረምት ክረምት ማስተርሴን እማር በነበረበት ጊዜ ነው። ብዙ ዓመት አልፎታል። ዝናቡ ጠንከር ሲል ግን ዛሬም የያዝኩትን ሥራ ትቼ መስኮት ላይ እቆማለሁ። ለምን እንደሆነ ለባለቤቴ እንኳን በደንብ ነግሬው አላውቅም።

ያኔ ሶዶ ከተማ ባዮሎጂ አስተምር ነበር። የምማረው ደግሞ የአካባቢ ጥናትና የተፈጥሮ ሀብት አያያዝ ነው። የአፈር ጥበቃ መምህራችን ሦስት ሦስት አድርገው ከፋፈሉንና፣ እያንዳንዱ ቡድን ጎርፍ የሸረሸረው አንድ ቦረቦር ይዞ በየሳምንቱ ምን ያህል እንደሚሰፋ እንዲለካ አዘዙ። የኮርሱ ግማሽ ማርክ እሱ ላይ ነበር።

ለእኛ ከዲምቱ ወጣ ብሎ ያለ ቦረቦር ደረሰን። ሐሙስ ሐሙስ ከሶዶ በሚኒባስ እንሄድና ከዲምቱ አንድ ሰዓት ያህል በእግር እንጓዛለን። አብረውኝ ያሉት ሁለቱም መምህራን ናቸው። የቡድናችን መሪ ዳዊት ይባላል፤ ጎበዝ ነበር፣ ሥራ አይወድም አይባልም።

ቦረቦሩ ከላይ ሆነው ሲያዩት ያዞራል። ጫፉ ማርቆስ የሚባል፣ በእኔ ዕድሜ ያለ ገበሬ ጓሮ ደርሷል። ኩሽናቸው ከጫፉ ጥቂት እርምጃ ብቻ ነው የሚርቀው። ማርቆስ ሚስቱን አስቴርንና ሦስት ልጆቹን ይዞ ነው የሚኖረው።

መጀመሪያ ቀን ችካል ስንተክል ሲያየን ደስ አለው። "ለቀበሌ ስንት ጊዜ ተናገርኩ። ይመጣሉ፣ ይመጣሉ አሉኝ። መጣችሁ" አለ። ተማሪዎች ነን አልነው። እሱ ግን ሜትርና ደብተር የያዘ ሰው ሁሉ ችግሩን ሊፈታ የመጣ ነው የሚመስለው። እኛም አጥብቀን አላስረዳነውም።

እኔ ሶዶ ተወልጄ ባድግም ወላይትኛዬ ከሰላምታ አያልፍም። ስለዚህ በአማርኛ ነበር የምናወራው። የማርቆስ አማርኛ ወንድና ሴት ስለማይለይ እኔን ሴቷን "አንተ" እያለ ነው የሚጠራኝ። አስቴር ደግሞ ጨርሶ አማርኛ አትሞክርም ነበር። በሁለተኛው ሐሙስ ማርቆስ ፍልሰታን እንደምጾም ነገራትና፣ ቦይና የሚሉትን ጎደሬ ቀቅላ በዳጣ አቀረበችልኝ። አጠገቤ ቁጭ ብላ "ብላ፣ ብላ" አለችኝ። ልጆቿ በአማርኛዋ ሲስቁባት እሷም አፏን ሸፍና ሳቀች።

በሦስተኛው ሐሙስ ስንጥቁን አየሁት። ከቦረቦሩ ጫፍ ወዲህ፣ በሣሩ ውስጥ ተደብቆ፣ ከኩሽናው ጀርባ ዞሮ ያልፋል። ቁጭ ብዬ እጄን ከተትኩ። እስከ ክርኔ ገባ። ክፍል ውስጥ ስለተማርነው ምን ማለት እንደሆነ አውቄዋለሁ። መሬቱ ተላቅቋል፤ የሚጠብቀው ከባድ ዝናብ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ጓደኛችን ታች ችካሎቹን ሲለካ ዳዊትን ጠራሁት። አየና ፎቶ አነሳው፤ ስፋቱንና ርዝመቱንም ለካ።

"እንንገራቸው" አልኩት።

"ከነገርናቸው በአፈርና በድንጋይ ይደፍኑታል። ሁለት ሳምንት ነው የቀረን፤ ልኬታችን ገደል ገባ ማለት ነው።"

"ቢናድስ?"

"ይሄን ያህል ጊዜ ቆሞ አሁን አይናድም። ስንጨርስ ለወረዳው በደብዳቤ እናሳውቃለን።"

መከራከር እችል ነበር። ለዳዊት ሳልነግረው ራሴ ሄጄ ብናገርም የሚከለክለኝ አልነበረም። ግን እኔም ማርኩን ፈልጌው ነበር። ልኬቱን ደብተሩ ላይ ጻፍኩት።

ልንወጣ ስንል ማርቆስ በር ድረስ ሸኘን። "አስተማሪ፣ መሬቱ ምን ይላል?" አለኝ።

"እያጠናነው ነው" አልኩት።

በቀጣዩ ሳምንት ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ኃይለኛ ዝናብ ጣለ። ሐሙስ እንደ ልማዳችን ሄድን። ወደ ቤቱ ስንቃረብ መዝሙር ሰማን፤ የጸሎት ፕሮግራም መሰለን። ግቢው በሰው ተሞልቷል። ኩሽናው የለም። የነበረበት ቦታ ቀይ ገደል ሆኗል።

አስቴር እሳት ላይ የጣደችውን ስኳር ድንች ልታወጣ ገብታ ነበር። ማርቆስና ልጆቹ ትልቁ ቤት ውስጥ ሆነው ድምፁን ሰሙ። ጎረቤቱ ሁሉ በዝናብ ሲቆፍር አምሽቶ ሲያገኛት እስትንፋሷ የለም። ረቡዕ ቀበሯት።

ሜትሩን ቦርሳዬ ውስጥ አድርጌ ለቅሶ ተቀመጥኩ። ማርቆስ ካየኝ በኋላ ተነሥቶ መጣና ወደ ጓሮ ወሰደኝ።

"ያን ቀን እዚህ እጅህን ከተትክ። አይቼሃለሁ" አለኝ። "ይወድቃል ብለህ አውቀህ ነበር?"

መዋሸት አማረኝ። "ይወድቃል ብዬ ፈርቼ ነበር" አልኩት።

ወደ ገደሉ ዞረ። "ብትነግረኝ ኩሽናውን አነሣው ነበር" አለ። "የሣር ቤት ነው። ከጎረቤት ጋር የአንድ ጠዋት ሥራ ነው።"

አልጮኸብኝም። ቢጮህብኝ እመርጥ ነበር። ወደ ሰዎቹ ተመለሰ።

ወረቀቱ ቀረበ። የመጨረሻውን ልኬት ዳዊት ብቻውን ሄዶ አመጣው፤ ስሜ ግን ከነሱ ጋር ተጽፏል። በፕረዘንቴሽኑ ላይ የስንጥቁ ፎቶ ሲታይ፣ ቀጥሎም ከናዳው በኋላ ያለው ሲታይ መምህሩ አደነቁን። እንዲህ ያለ መረጃ ማንም ቡድን አላመጣም አሉ። እዚያ ቤት ሰው መሞቱን ዳዊት አልተናገረም። እኔም ተነሥቼ አልተናገርኩም። ኤ አገኘን።

ለንስሐ አባቴ ነግሬያለሁ። ስገጂ ያሉኝን ሰግጃለሁ፣ ጹሚ ያሉኝን ጾሜያለሁ። "ሰውየውንስ ይቅርታ ጠይቀሻል?" ሲሉኝ ግን አልጠየቅኩም አልኳቸው። ለመሄድ ድፍረት ያገኘሁት ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ትልቁም ቤት አልነበረም። ጎረቤቶቹ ማርቆስ ልጆቹን ይዞ ሁምቦ ወዳለ ዘመዱ ሄደ አሉኝ፤ የትኛው ቀበሌ እንደሆነ የሚያውቅ አልተገኘም።

አሁን ተማሪዎቼን መስክ ሳወጣ፣ ሜትር ከመዘርጋታችን በፊት ከመሬቱ ባለቤት ጋር ቁጭ ብለን ያየነውን ሁሉ እንነግረዋለን። ይህ ለአስቴር የሚያደርግላት ነገር የለም። ሁምቦ ገበያ በሄድኩ ቁጥር በእኔ ዕድሜ ያለ ገበሬ ሳይ ቆሜ ፊቱን አያለሁ። እስካሁን አላገኘሁትም። ባገኘው ምን እንደምለው አላውቅም።